ቀፎ ውስጥ የከረመው የሰባተኛ «ለ» ብር

ሰው ማር ሲሸተው ምራቁ ይመጣል፤ እኔን ግን ያልበኛል። ባለፈው የገበያ ቀን እዚህ ቡሬ ከመናኸሪያው ወደ ቤቴ በባጃጅ ሄጄ ስወርድ፣ ባለባጃጁ የመለሰልኝ ሁለት የአሥር ብር ኖቶች እርስ በርስ ተጣብቀው ነበር። «ይቅርታ እማማ፣ ቅድም ማር ነጋዴ ጭኜ ነው» አለና ሳቀ። ጣቴን አሸተትሁት። እውነትም ማር ነው፤ ያውም ሰም ያለበት፣ ገና ከቀፎ የወጣ ማር። የአጥሬን ቋሚ ይዤ ቆምሁ። ልጁ ደንግጦ ሞተሩን አጠፋና «ምነው እማማ፣ ስኳር አለብዎት እንዴ?» አለኝ። «የለብኝም ልጄ፣ የድሮ ነገር ትዝ ብሎኝ ነው» አልሁት። የድሮ ነገር ትዝ ያለው ሰው እንዲህ አመድ ሲመስል አይቶ አያውቅ ይሆናል፤ በሩን ከፍቼ እስክገባ ድረስ ቆሞ ጠበቀኝ።

እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ፈሪ ነኝ። ፈሪ ለእናቱ ይባላል፤ እኔ ግን ለእናቴም አልሆንኋት፤ ደብረ ማርቆስ ትቻት ፍኖተ ሰላም ተመድቤ የሄድሁት በሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመት ያለፈው ጊዜ ነበር። ስንት ዓመት እንደሆነ ብትጠይቁኝ እሳሳታለሁ፤ የሻይ ዋጋ ግን አልሳሳትም። ሻይ ሠላሳ ሳንቲም፣ ዳቦ ሃያ አምስት፣ እንቁላል አራቱ በብር፣ የኪራይ ቤቴ በወር ሃያ ብር። ደመወዜ ሁለት መቶ ሠላሳ ምናምን ነበር። ከዚያ ላይ ሠላሳውን ለእናቴ በአውቶቡስ ረዳት እጅ እልካለሁ፤ በቀረው እንደ ወይዘሮ እኖራለሁ። አንዲት ቡናማ የሱፍ ኮት ነበረችኝ፤ አንገቷ ላይ ሰው ሠራሽ ጠጉር ያለባት፣ ከሰልባጅ ተራ ስከራከር አርፍጄ በሃያ አምስት ብር የገዛኋት። እሷን ለብሼ በዋናው መንገድ ስወጣ ካሴት ቤቱ በር ላይ የተሰቀለው ድምፅ ማጉያ አንዱን ዘፈን ከጥዋት እስከ ማታ ይደጋግመዋል፤ ሳልፈልግ ሳምንቱን ሙሉ አፌ ላይ ይውላል። ከካሴት ቤቱ ማዶ ቪዲዮ ቤት አለ፤ ከቪዲዮ ቤቱ ጎን አንድ እግሩ በድንጋይ የተደገፈ የጆተኒ ጠረጴዛ። የተማሪዎቼ ሳንቲም ሁሉ የሚያልቀው እዚያች ጥግ ላይ ነበር።

የሰባተኛ «ለ» ክፍል ኃላፊ ነበርሁ። ከልጆቼ የሚበዙት የገጠር ናቸው። አራትም አምስትም ሆነው በአሥር ብር አንዲት ጠባብ ክፍል ይከራያሉ። እሑድ ከየቀበሌያቸው የሳምንት ስንቃቸውን በአገልግል ተሸክመው ይመጣሉ፤ ዓርብ ባዶውን አንጠልጥለው ይመለሳሉ። ወንዶቹ አረንጓዴ ቁምጣና ጋቢ፣ ሴቶቹ እናቶቻቸው በእጃቸው የጠለፉት ቀሚስ፣ እግራቸው ላይ ኮንጎ ጫማ፤ ክረምት ላይ ጭቃው ውስጥ ሲሄዱ የሠላሳ ልጅ ጫማ ባንድ ላይ ይንቋቋል። እናቶቻቸው ከእንቁላሉም ከጌሾውም ሸጠው ለደብተርና ለእስክሪብቶ ብለው ብር፣ ሁለት ብር ያስይዟቸዋል። ያቺ ብር ሰኞ አንድ ዙር ጆተኒ ትሆናለች፤ ማክሰኞ የካራቴ ፊልም፣ ረቡዕ ከረሜላ። ሐሙስ «እትዬ፣ እስክሪብቶዬ አልቆ ነው» ይመጣል። እትዬ የሚሉት እኔን ነው። አልፈርድባቸውም፤ እኔም ያቺን ኮት ከገዛሁ በኋላ ወሩን የጨረስሁት በሽሮ ነው።

አንድ ዓርብ በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ሒሳቡን ተውሁና ደብተራቸውን ከመሐል እንዲያሰምሩ አዘዝኋቸው። በግራ የገባው፣ በቀኝ የወጣው። የአንድ ወር ጆተኒ ተደምሮ ሦስት ደብተር ሲሆን አንዱ ልጅ እንደ ተሰረቀ ሰው ጮኸ። ከዚያ ከታች «ይህ ገንዘብ ቢጠራቀም ምን አደርግበታለሁ?» ብላችሁ ጻፉ አልኋቸው። ባገራችን ልጅ ምን ትበላለህ ይባል ይሆናል እንጂ በገንዘብህ ምን ታስባለህ ብሎ የሚጠይቀው የለም፤ ገንዘብ የአባት ነው። አንዱ እጁን አውጥቶ «እትዬ፣ የምንጽፈው የምር ነው ወይስ ለማርክ?» አለኝ። «የምር ነው» አልሁት። ወረቀቶቹን ቤቴ ወስጄ አነበብኋቸው። ጠቦት። በባትሪ የሚሠራ ሬዲዮ። ለእናቴ የዓይን መነጽር። ለሚኒስትሪ ፈተና ጉርድ ፎቶግራፍ። አንዲቷ ጡት መያዣ ብላ ጽፋ መልሳ ሰርዛዋለች፤ ግን ይነበባል። በአሥራ ሦስትና በአሥራ አራት ዓመት ልጅ ልብ ውስጥ እንዲህ ያለ ዝርዝር መኖሩን እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር። አለቀስሁ፤ እዚያው ላይ ደግሞ መፍራት ጀመርሁ፤ እንዲህ ብለው ከጻፉ በኋላ ባይሆንላቸውስ?

እንግዲህ በየሳምንቱ ዓርብ ያለው ያለውን እንዲያጠራቅም ተስማማን። አሥርም ሃያ አምስትም ሳንቲም ይሁን፤ የሚከፋፈሉት ስምንተኛ ክፍል ገብተው፣ ከሚኒስትሪው በፊት ነው። ሰሌዳው ላይ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ብዬ ጻፍሁላቸው፤ እነሱም ሳይቆጥብ የመጣውን ልጅ «አንተ እንቁላል፣ እግር መቼ ልታወጣ ነው?» እያሉ ያላግጡበት ጀመር። ከዚያ የማይቀረው ጥያቄ መጣ፤ ገንዘቡን ማን ይያዘው? ሁሉም ባንድ አፍ «እትዬ ይያዙልን» አሉ። እዚህ ላይ ነው የፈራሁት። ዳይሬክተራችን በስብሰባ ሁሉ «ከተማሪ እጅ ሳንቲም የተቀበለውን መምህር አያድርገኝ» ይል ነበር። ከተማሪ ገንዘብ ሰበሰበ ተብሎ ከሥራው ስለ ተሰናበተ መምህር ወሬ እንሰማለን፤ ማን እንደሆነ፣ የት እንደሆነ የሚያውቅ የለም፤ ግን ሁላችንም እንፈራዋለን። ስለዚህ ጉሮሮዬን ጠርጌ «ከመካከላችሁ የሚታመን ምረጡ፤ ኃላፊነት መለማመድ ጥሩ ነው» አልሁ። ፍርሃቴን ትምህርት አስመሰልሁት።

ሠላሳ ራስ ወደ አንድ ወንበር ዞረ። ያለምወርቅ ደምሌ ትባላለች፤ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ናት፤ ቀጭን፣ ስትናገር እጇን አፏ ላይ የምታደርግ። ከተማ አልተከራየችም፤ ከላህ ወንዝ ማዶ ካለው ቀበሌያቸው በየቀኑ የአንድ ሰዓት መንገድ በእግሯ ትመላለሳለች። እንደ ሌሎቹ አምስት ሆና በማትቆለፍ ክፍል አትኖርም ማለት ነው። ደግሞ የአያ ደምሌ ልጅ ናት። ያገሬው ሰው ሩቅ መንገድ ሲሄድ እህሉንም ከብቱንም አያ ደምሌ ዘንድ አደራ ጥሎ ነው የሚሄድ። ተነሥታ ቆመች፤ አንገቷን ደፍታ የመጀመሪያውን ሳንቲም ተቀበለች። እኔ የሰጠኋት ምክር አንድ ብቻ ነው፤ «ሳንቲም ይከብዳል፤ ሱቅ ሄደሽ ወደ ብር እየቀየርሽ አስቀምጪ» አልኋት። የት እንደምታስቀምጠው አልጠየቅሁም። እውነቱን ልናገርና እንዳላውቅ ፈልጌ ነው።

ይህን ሰሞኑን ለእህቴ የልጅ ልጅ ስነግራት አይኗን ከስልኳ ላይ አንሥታ «እማዬ፣ ለምን ባንክ አላስገባችሁትም?» አለችኝ። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ የልደቷን ብር በስልኳ ታስገባለች፣ በስልኳ ታወጣለች፣ ላፕቶፕ ልገዛ ስንት ቀረኝ ብላ በቀለም ክብ ታየዋለች። ባንክ የትልቅ ሰው ቤት ነበር ብላት አይገባትም። በሩ ላይ ጠብመንጃ የያዘ ዘበኛ አለ፤ ውስጥ ከመስተዋት ጀርባ ክራባት ያሰረ ሰው። ባለ ቁምጣ ልጅ ሃያ አምስት ሳንቲም ይዞ እዚያ ቢገባ ዘበኛው ጆሮውን ይዞ ያወጣዋል። ሠላሳ አንድ አባት ሰብስቤ ፈርሙ ብል ደግሞ ሠላሳ አንዱም ገንዘቡን ወስደው ለግብር ያደርጉታል። ልጅቱ ሰማችኝና «ያስፈራል» ብላ ወደ ስልኳ ተመለሰች።

ክረምቱ ገብቶ ወጣ። ትምህርት ሲዘጋ የልጆቹ ገንዘብ ሁለት መቶ ሰማንያ አራት ብር ደርሶ ነበር፤ ከወር ደመወዜ ይበልጣል። መስከረም ላይ ያው ክፍል ስምንተኛ ሆኖ፣ ቁመቱ ጨምሮ፣ ድምፁ ጎርንኖ እጄ ገባ፤ የዓርቡ ቁጠባ ገና አልተጀመረም ነበር። ጥቅምት ሲጋመስ ግን አንድ ወሬ ተነሣ። መጀመሪያ ሻይ ቤት ሰማሁት፤ ብር ሊለወጥ ነው። አሮጌው ተሰብስቦ አዲስ ኖት ይታደላል፤ በቀኑ ያልቀየረ የያዘው ወረቀት ነው። ቀኑ መቼ እንደሆነ ግን ሁሉም የየራሱ አለው። አንዱ ሦስት ወር ይላል፣ አንዱ አንድ ወር፤ የእህል ነጋዴዎቹ ደግሞ «ሳምንት ብቻ ነው፣ ሬዲዮ አልሰማሽም?» ይላሉ። እኔ ሬዲዮ የለኝም። ባንኩ በር ላይ የቆመው ሰልፍ እስከ አስፋልቱ ወረደ። ያን ጊዜ የጎጃም ጓዳ ሁሉ ወጥቶ ታየ፤ ከጎታ ሥር የወጣ ብር ጤፍ ጤፍ ይላል፣ ከመሬት የተቆፈረው ሻግቷል፣ አንዲት ባልቴት የያዙት በርበሬ የነካው ስለነበር የባንኩን ሰው ሲያስነጥሰው ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። እኔም ስቄ ነበር። ተማሪዎቼ በነጋታው «እትዬ፣ ብራችንስ?» እስኪሉኝ ድረስ ሳቅሁ።

ያለምወርቅ በዕረፍት ሰዓት ሁሉም እስኪወጣ ጠበቀችና ጠረጴዛዬ አጠገብ መጥታ ቆመች።

«እትዬ፣ ብሩ አለ» አለችኝ።

«እግዚአብሔር ይመስገን! በይ ነገ ይዘሽው ነይ፤ አብረን ሄደን እንቀይራለን።»

«አለ፤ ግን አይወጣም።»

«እንዴት አይወጣም? የት አድርገሽው ነው?»

«ቀፎ ውስጥ።»

«ታዲያ ከቀፎው አውጪው!»

እጇን አፏ ላይ አደረገች። «ንብ ገብቶበታል፣ እትዬ።»

ቀስ ብላ ነገረችኝ። ከቤታቸው ታዛ ሥር በሁለት ባላ ላይ የተጋደመ፣ አባቷ ከሸምበቆ ሠርቶ እበት የመረገው ቀፎ አለ። ሁለት ዓመት ሙሉ ንብ ጠልቶት ባዶውን ቆሟል። እሷም አሰበች፤ ሌባ ጎታ ይፈትሻል፣ መደብ ይቆፍራል፣ ባዶ ቀፎ ግን ማን ይዳብሳል? ብሩን በጨርቅ ጠቅልላ፣ ጨርቁን በቲማቲም ጣሳ አድርጋ፣ በኋላው ክዳን በኩል ከታ መልሳ በእበት መረገችው። ዓርብ ዓርብ እየከፈተች ትጨምራለች። መስከረም ማለቂያ ላይ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እናቷ ደጅ ቆመው እልል ይላሉ፤ አባቷ ባርኔጣውን አውልቆ ያመሰግናል። መንጋው ገብቷል። ንብ ወዶ የገባበት ቤት በረከት ነው ይባላል፤ እሷ ብቻ ምሰሶ ይዛ ቀረች። ይህን ሁሉ ስትነግረኝ አንድ ነገር ጆሮዬ ውስጥ ይጮህ ነበር፤ ወሬው ሁሉ ስለ ወረቀቱ ነው፣ ሳንቲሙን የነካው የለም። ወደ ብር ቀይሪው ያልኋት ደግሞ እኔ ነኝ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ኮቴን ለብሼ ወደ ቤታቸው ወረድሁ። መንገዱን በሙሉ የምናገረውን ስለማመድ ሄድሁ። አያ ደምሌ ረጅም፣ ጥርሱ ፍንጭት፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው ነው። «ይግቡ፣ ይግቡ! የልጄ አስተማሪ ደጄን ረገጡልኝ!» ብሎ መደቡ ላይ ጋቢውን አነጠፈልኝ። እናቲቱ እርጎ በዋንጫ አመጡ። ከተቀመጥሁበት በበሩ በኩል ቀፎው ይታየኛል፤ አፉ ላይ ንቦቹ ይርመሰመሳሉ። አያ ደምሌ አይኔን ተከትሎ አየና ፊቱ በራ።

«አዩልኝ? ስንት ዘመን ደጅ ጠንቼ ዘንድሮ ገቡልኝ። ግብሬን ይችሉልኛል፤ ለዚችም ልጅ ጫማ።»

«መቼ ነው የሚቆረጠው አያ ደምሌ?» አልሁ።

«አዲስ ንብ ነው እኮ እመቤቴ፤ ገና መላመዱ ነው። ኸኅዳር ሚካኤል በፊት እጅ አይገባበትም። ቢነካማ ይኮበልላል። ንብ እንደኛ አይደለም፣ ቤቱን የደፈሩበት ቀን አገር ይለቃል፤ ሽማግሌ ቢልኩበትም አይመለስ።»

ያለምወርቅ በሩ ሥር ቆማ አፌን ታያለች። አሁን እናገራለሁ፣ አሁን እናገራለሁ አልሁ። ብነግረው ልጅቱን ይገርፋት ይሆናል፣ ከትምህርት ያስቀራት ይሆናል፤ ወይ ደግሞ ወደ ዳይሬክተሩ ይሄድና የእኔ እንጀራ ይቀራል። የትኛውን ይበልጥ እንደ ፈራሁ ዛሬም ባልጠየቅ እመርጣለሁ። እርጎውን ጨለጥሁና «ያለምወርቅ ጎበዝ ተማሪ ናት፤ ይህን ልነግርዎ ነው የመጣሁ» አልሁት። ሰውየው ደስታው ለከት አልነበረውም፤ እስከ ወንዙ ድረስ እንድትሸኘኝ አዘዛት። መሻገሪያው ላይ ስንደርስ ቀና ብዬ ላያት አልቻልሁም። እሷ ግን «ግዴለም፣ እትዬ» አለችኝና ተመለሰች። ያን ቃል አሁንም በድንገት እሰማዋለሁ፤ ሳህን ሳጥብ፣ ታክሲ ስጠብቅ።

ሰኞና ማክሰኞ ወሬው ባሰበት፤ ቀኑ ዓርብ ያልቃል ተባለ። እውነት አልነበረም፤ ግን ያን ጊዜ እውነት ያልሆነውን የሚለይ ማን ነበር? ልጆቹ ክፍል ስገባ ሁሉም ያዩኛል። መነጽር ብሎ የጻፈው ልጅ «እትዬ፣ ወረቀት ሊሆን ነው እንዴ?» ሲለኝ ወደ ሰሌዳው ዞርሁ። ሐሙስ ያለምወርቅ ቀረች። እናትና አባቷ ጅጋ ገበያ የሚውሉበት ቀን ነበር። አምስት ሰዓት ሲሆን የሰፈሯ ልጅ ያለ ጫማ እየሮጠ መጥቶ የክፍሉን በር በረገደው።

«እትዬ! ያለምወርቅን ንብ ጨረሳት!»

ማንን እንዳስፈቀድሁ፣ በየት በር እንደወጣሁ አላውቅም። የፈሩት ይደርሳል የሚባለው እንዲህ ነው ማለት ነው እያልሁ ሮጥሁ። ጤፉ ደርሶ ሜዳው ሁሉ ወርቅ ነበር ይሉኛል፤ እኔ ያየሁት የለም። ጫማዬ ወንዙ ውስጥ ቀረ። ያች ልጅ ከሞተች እንዴት አድርጌ ሰው ፊት እቆማለሁ፣ እግዚአብሔር ፊትስ? አንድ እግሬ ሲሮጥ አንዱ መድረሱን ይፈራ ነበር።

ደጃፉ በጎረቤት ሞልቷል። ቀፎው ከባላው ወድቆ ተከፍቷል፤ የማሩ እንጀራ መሬት ላይ ተፈጥፍጧል፤ ንቡ ግማሹ ይዞራል፣ ግማሹ ዛፍ ላይ ተንጠልጥሏል። ማር ቆራጭ ሰው ጀንበር አዘቅዝቃ ንቡ ሲቀዘቅዝ ነው የሚነካው፤ እሷ ግን ከገበያ ሳይመለሱ ብላ በጠራራ ፀሐይ፣ አንድ ቁራጭ ጨርቅ አጭሳ ከፈተችው። መደቡ ላይ አጋድመዋታል። ፊት የሚባል አልቀራትም፤ አይኗ ጠፍቷል፣ ከንፈሯ ተገልብጧል፣ ስትተነፍስ ጉሮሮዋ ያፏጫል። በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ጣሳውን ይዛለች፤ ጎረቤቶቹ ሊያስለቅቋት ሞክረው አቅቷቸዋል። «ያለምወርቅ» ስላት ድምፄን አወቀችና ጣሳውን ወደኔ ገፋችው።

«ይቁጠሩት፣ እትዬ» አለች። ቃሉ ከዚያ ካበጠ ከንፈር እንዴት እንደ ወጣ አልገባኝም።

አያ ደምሌ ጅጋ መንገድ ላይ ወሬው ደርሶት ከሩጫው እንዳለ ገባ። ልጁን አየ፤ ቀፎውን አየ፤ ጣሳውን እጄ ላይ አየ። «ቃሬዛ!» አለ ብቻ። አራት ጎረምሶች ተሸከሟት፣ እሱ ከፊት ሆኖ፣ እኔ በባዶ እግሬ ከጎን ጣሳውን ይዤ። ማሩ በጣቶቼ መሐል ይወርዳል፤ ጥቂት ንቦች ሽታውን ተከትለው እስከ ከተማው መግቢያ ድረስ ከጆሮዬ ሥር አልተለዩኝም። በየመንገዱ ፉጨቷን አዳምጣለሁ። ሲቆም ልቤ ይቆማል፤ ሲመለስ እኔም እተነፍሳለሁ። ጤና ጣቢያው ደርሰን ነርሷ መርፌ ከወጋቻት በኋላ ፉጨቱ ቀነሰ። «ትንሽ ብትቆዩ ኖሮ» አለችና አረፍተ ነገሩን አልጨረሰችውም። ሦስት ቀን አይኗ አልተገለጠም፤ ሦስቱንም ቀን አጠገቧ ነበርሁ። አባትየው ማዶ ተቀምጦ ይጸልያል፤ ለእኔ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። እኔም ከመሳደቡ ይልቅ ዝምታውን ፈራሁት።

አራተኛው ቀን ላይ አንድ አይኗ ሲገለጥ ቤቴ ሄጄ ብሩን በሳፋ ለብ ባለ ውሃ አንድ ባንድ አጠብሁት። አልጋዬ ላይ፣ ኮቴ ላይ፣ የመስኮቱ ደፍ ላይ አሰጣሁት፤ ቤቱ በሙሉ ብር ለብሶ አደረ። ባንክ ስሄድ ባለ ክራባቱ ሰው አሸተተና «ይህ ደግሞ ከምን ገባ?» አለኝ፤ ከኋላዬ የነበሩት ሳቁ፤ እኔ አልሳቅሁም። ሦስቱ ስለ ተቀደዱ አልቀበልም አለ፤ ከራሴ ተካሁ። አዲሶቹን ኖቶች ስቀበል ሁለት መቶ ሰማንያ አራት ሙሉ ነበር።

ያለምወርቅ ፊቷ ቢጫና አረንጓዴ ሆኖ፣ ቅርጹ ግን ተመልሶላት በአባቷ ታጅባ የመጣች ዓርብ ገንዘቡን ለማካፈል ወሰንሁ። ሚኒስትሪው እስኪቃረብ የምጠብቅበት አንጀት አልነበረኝም። አያ ደምሌ ዱላውን ይዞ የክፍሉ በር ላይ ቆመ። ማን ስንት እንዳስቀመጠ በተመዘገበበት ደብተር ተራ ስም እየጠራሁ ሰጠሁ። ባለ ጠቦቱ አሥራ አንድ ብር። ባለ መነጽሩ ዘጠኝ ከሃምሳ። ሰርዛ የጻፈችው ልጅ ሰባት ብር፤ ተቀብላ እጥፍጥፍ አድርጋ ብብቷ ከተተችው። ተራው መጨረሻ አካባቢ ያለምወርቅ ደምሌ አልሁና ከስሟ ፊት ያለውን አኃዝ አነበብሁት። ከዚያ በፊት አይቼው የማላውቀው አልነበረም፤ ግን አስቤው አላውቅም። ሁለት ብር ከሃምሳ። በሙሉው ዓመት ያስቀመጠችው የእንቁላል ብር ይኸው ነው። ያ ሁሉ ንብ የነደፋት ለሰው ገንዘብ ነው።

ከኋላ አንዱ ተነሥቶ «እትዬ፣ ከየድርሻችን ሃምሳ ሃምሳ ሳንቲም ይነሣላት» አለ፤ ሌሎቹም «ይነሣላት! ይነሣላት!» አሉ። አያ ደምሌ ከበሩ ላይ እጁን አነሣ። «ተዉ ልጆቼ። አደራ ጥብቅ ነው፤ ለጠባቂው አይከፈለውም።» ያለምወርቅ ሁለት ብር ከሃምሳዋን ይዛ ወደ ወንበሯ ተመለሰች።

ሲለቀቁ ተከትዬው ወጣሁና በግቢው ባሕር ዛፍ ሥር አቆምሁት። ከኮቴ ኪስ አርባ ብር አወጣሁ። ንቡ እንደ ኮበለለ አልተመለሰም፤ የግብሩም የጫማውም ነገር በዚያው ቀርቷል። «ለማሩ እንኳ ይቀበሉኝ፣ አያ ደምሌ» አልሁት። ብሩን አላየውም።

«እኔ የምጠይቅዎ አንዲት ነገር ናት» አለኝ። «የሠላሳ አንድ ሰው ገንዘብ ነው። እርስዎ ትልቅ ሰው ነዎት፤ ደመወዝተኛ ነዎት፤ በርዎ ቁልፍ አለው። ለምን እርስዎ አልያዙትም?»

ስለ ኃላፊነት ልነግረው አፌን ከፈትሁ። ልጆች እንዲለማመዱ ልል ነበር።

«ፈርቼ ነው» አልሁት።

አልተቆጣም። ራሱን ዝቅ ከፍ አደረገና ልጁ ከጓደኞቿ ጋር ወደቆመችበት ተመለከተ። «ክረምቱን ሙሉ በዝናብ እየወጣች ያን ቀፎ ስትዳብስ እናቷ ታያት ነበር። እህል አስጠላት። ስንጠይቃት አትናገር። የያዛት ነገር ነው ብለን ሁለት ጊዜ ጠበል ወስደናታል» አለ። ዱላውን ትከሻው ላይ አጋደመ። «እሷም ፈርታ ነበር፣ አስተማሪ።»

ልጁን ጠርቶ አስከትሎ ወረደ። ከዚያ ዓመት ወዲህ፣ ጡረታ እስክወጣ ድረስ የልጆቼን ሳንቲም ራሴ ይዤአለሁ። አንድም ቀን ሳልፈራ ይዤው አላውቅም።